የደንገል ለቃሚ

ጮኸችብኝ! ትናንት እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አጥራቸው ላይ ተንጠልጥላ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ጮኸችብኝ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቁጣ ሰምቼ አላውቅም። አምስት ሳምንት ሙሉ እንደ ግድግዳ ስታልፈኝ የከረመች ጓደኛዬ ናት እኮ! ክፍል ውስጥ አንድ ዴስክ ላይ ክርናችን እየተነካካ፣ ማስመሪያ ስፈልግ እንኳ ከኋላችን ካሉት ነበር የምዋሰው። ስለዚህ ያ ጩኸት ጆሮዬ ሲገባ፣ ከደንገል፣ ታንኳ ከሚሠራበት የሐይቅ ዳር ተክል፣ በተሠራ ትልቅ ድቡልቡል ራስ ውስጥ እንዳለሁ ሳቄ አመለጠኝ።

ደንገል ራስ ውስጥ ገብቼ ምን እሠራ እንደነበር ከሥሩ ልንገራችሁ። ድሮ ቢሆን አፍር ነበር። ባለፈው ወር ግን የአማርኛ አስተማሪያችን ድርሰቴን ለክፍሉ አንብበው ሲጨርሱ «ይቺ ልጅ ሲጠይቋት ትሽኮረመማለች፤ ብዕር ከያዘች ግን የሚያቆማት የለም» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ እንደ ምርቃት ነው የተቀበልሁት። ከዚያ ወዲህ እውነትም የሚያቆመኝ አልተገኘም።

ቤታችን ግሽ አባይ ሰፈር ነው። የጓደኛዬ ቤት መንገድ ተሻግሮ ፊት ለፊታችን ነው። አባቶቻችን ሁለቱም ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራሉ፤ የእኔ አባት የሽመና መኪና ይጠግናል፣ የእሷ አባት ፈትል ክፍል ናቸው። አምና የእሷ አባት ለሥልጠና ተብሎ ባሕር ማዶ ተላኩ። ወራት ቆይተው ሲመለሱ ለባለቤታቸው ሻርፕ፣ ለራሳቸው ዣንጥላ፣ ለልጃቸው ደግሞ ጌም ይዘው መጡ።

ጌም ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ መጠኑ አንድ ሳሙና ያህላል። ያውም ሙሉው ሳሙና ሳይሆን እናቶቻችን እንዲበረክት ብለው ለሁለት የሚቆርጡት። ፊቱ ላይ እንደ ዲጂታል ሰዓት ያለ ግራጫ መስታወት አለው፤ ከመስታወቱ ግራና ቀኝ ሁለት ቁልፎች አሉ። ሲከፈት «ጢጥ» ይላል። ከዚያ እሱ ይመጣል።

እሱ ቁመቱ ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ሁለንተናው ጥቁር ነው። ራሱ እንደ ቅል ድቡልቡል ሆኖ አናቱ ላይ ቁንጮዎች ቆመዋል። ጫማው እርሾ እንደበዛበት ዳቦ ያበጠ ነው፤ ሆዱ ላይ ቅርጫት ታቅፏል። ከሰማይ ኮከቦች ይወድቃሉ። የግራውን ቁልፍ ስትጫኑ ወደ ግራ፣ የቀኙን ስትጫኑ ወደ ቀኝ እየሮጠ ኮከቦቹን በቅርጫቱ ይለቅማል። ሦስት ኮከብ ካመለጠው መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ይጭናል፤ ልክ ከብቱ እንደጠፋበት ገበሬ። የፋብሪካ ስም ይኖረው ይሆናል፣ እኛ ግን ለቃሚው አልነው።

ያን ሰሞን የጓደኛዬ በር የቀበሌ ሱቅ ስኳር የመጣ ቀን ይመስል ነበር። ልጅ በልጅ ላይ ይረባረባል። እሷ ደፉ ላይ ቁጭ ብላ ተራ ታስከብራለች፦ ሦስት ኮከብ የጣለ ይነሣል፣ ቀጣዩ ይቀመጣል። ማንንም አትከለክልም። ለእኔ ደግሞ የቅርብ ጓደኛ ስለሆንሁ ሁለት ተራ ትሰጠኝ ነበር፤ ሰው ሲያጉረመርም «እሷ ለሁለት ሰው ነው የምትጫወተው» ትላቸዋለች።

አንድ ቅዳሜ እንግዳ ሊመጣባቸው ሆነና «ቤት ውስጥ ልጆች ይበዛሉ፣ ያበላሹብኛል። እስከ ነገ አንቺ ዘንድ ይደር» ብላ ሰጠችኝ። አያችሁ? እንዳይበላሽ ብላ ነው ለእኔ የሰጠችው።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ብርድ ልብስ ልናጥብ ሐይቅ ወረድን። ጌሙን ቤት ትቼ መሄድ አላስቻለኝም፤ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትሁት። ብርድ ልብሱን ላለቅልቅ ጎንበስ ስል አንድ ነገር ጠብ አለ። እጄን ሰድጄ አፈፍ አደረግሁት፤ እስከ አሥር እንኳ አይቆጠርም ውሃ ውስጥ የቆየው። ለቃሚው መስታወቱ ውስጥ አለ፣ ግን በወገቡ በኩል ትንሽ የውሃ አረፋ ይንሳፈፋል። እያየሁት ራሱ ጠፋ። ቀጥሎ ቅርጫቱ። በመጨረሻ ሁለት ያበጡ ጫማዎች ብቻ ቀሩና እነሱም ሄዱ።

አሁን የማወራው ያፈርሁበትን ነው። እናቴ ክረምት ላይ ክብሪት ሲረጥብባት ጤፍ ውስጥ ቀብራ ታደርቀዋለች። አንድ ቀን ካደረ በኋላ ቦግ ይላል። ታዲያ እኔስ? ለማንም ሳልናገር ጓዳ ገባሁና ጌሙን ጤፍ ጆንያ ውስጥ እስከ ክርኔ ድረስ ቀበርሁት። ለጓደኛዬ ሰኞ «ረሳሁት፣ ነገ አመጣዋለሁ» አልሁ። ማክሰኞም «ነገ» አልሁ።

ረቡዕ ሳወጣው ሲነቀነቅ እንደ ጸናጽል ጭርር ይላል። ጤፍ ማለት እንግዲህ አቧራ ማለት ነው፤ በቁልፎቹ ጠርዝ፣ በባትሪው ክዳን፣ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ገብቷል። ወደ ሰዓት ሠሪው ሮጥሁ። ጠረጴዛቸውን ዋርካ ሥር ዘርግተው የሚሠሩ ሰው ናቸው። ማጉያ መስታወታቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጀርባውን ሲፈቱት ጤፉ ጋዜጣቸው ላይ ዝርግፍ አለ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ይህ ሰዓት ነው ጎተራ?»

«ጌም ነው ጋሼ። ውሃ ገብቶበት ነው።»

«ውሃ እንደገባበትማ ይታያል። እኔ የጠየቅሁሽ ማን እንደዘራበት ነው።»

በላባ ጠረጉት፣ እፍ አሉበት፣ በመርፌ ጎረጎሩት። የውስጥ ሽቦዎቹ አረንጓዴ ሆነው ተበልተዋል። ጀርባውን መልሰው ገጠሙና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ጤፉን ደግሞ በጋዜጣው ጠቅልለው «ይህንስ አታባክኚ» ብለው ሰጡኝ።

ጌሙን በዚያው ቀን መለስሁላት። ሐይቅ ውስጥ መግባቱን ነገርኋት፤ የጤፉን ነገር አፌ ላይ አድርጌ ዋጥሁት። ተቀብላኝ አገላበጠችው። ቁልፉን ተጫነችው። «ጢጥ» አላለም።

«መቼ ነው የገባው?»

«እሑድ።»

«እሑድ! ታዲያ ሰኞ ዓይኔን እያየሽ ነው ረሳሁት ያልሽኝ? ማክሰኞስ?»

መልሴን አልጠበቀችም። በሩን ዘጋችው። በማግስቱ አባቷ «የሰጡሽን ዕቃ መንደር ለመንደር የምታዞሪ» ብለው እንደተቆጧት ከእናቴ ሰማሁ። በእኔ ጥፋት እሷ ተሰደበች። ዝምታው የጀመረው ያኔ ነው።

የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍሁላት፤ ሳትከፍተው ዴስኩ ላይ ትታው ወጣች። ሁለተኛ ጻፍሁ፤ እሱንም። እናቴ «ሽማግሌ ልላክላችሁ እንዴ? ባልና ሚስት ሆናችሁ እኮ!» እያለች ትቀልድብኛለች። እኔ ግን እህል እንኳ አልበላ ብሎኝ ነበር። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ታናግረኝ። መልካሙንም ይሁን ክፉውን፣ ብቻ ታናግረኝ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ሐይቁ ዳር ነው። ከዘጌ እንጨት ጭነው የመጡ ታንኳዎች ውሃ ጠጥተው ሲከብዱ ባለቤቶቻቸው አውጥተው እንዲደርቁ ያቆሟቸዋል። አንዱ ታንኳ ጫፉ ተፈትቶ ወደ ውስጥ ተጠቅልሏል። ጥላው ሣሩ ላይ ሲያርፍ ራሱ ድቡልቡል፣ እግሩ ሰፊ የሆነ ሰው መሰለኝ። ለቃሚው! ጌሙን መመለስ አልችልም፤ እሱን ግን በቁመቴ ልሠራው እችላለሁ። ሠርቼ፣ ውስጡ ገብቼ፣ በራቸው አልፋለሁ። የፈለገውን ያህል ብታኮርፍ ለቃሚውን አይታ እንደ ግድግዳ ልታልፈው አትችልም።

ታንኳ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ ከውሃው ዳር ደንገላቸውን ከምረው ቀኑን ሙሉ ያስራሉ። ቀረብ አልሁና «አባባ፣ ትንሽ ደንገል ይሰጡኛል?» አልኋቸው።

«ታንኳ ልትሠሪ ነው?»

«ሰው ልሠራ ነው።»

«ሰው የሚሠራውማ እግዜር ነው» አሉ፤ ቢሆንም የደረቀውን ክምር በአገጫቸው አሳዩኝ። እኔ ግን ዓይኔ ያረፈው አዲስ በታጨደው ላይ ነው፤ አረንጓዴ፣ ለስላሳ፣ እንዳጠፉት የሚታጠፍ። «እርጥቡ ይሻለኛል» አልሁ። ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁና «እንደ ወደድሽ» አሉኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ራሱን ጨረስሁት። ደንገሉን በእቅፍ በእቅፍ እያሰርሁ እንደ ስፌት እያዞርሁ፣ በእናቴ ወስፌ እየወጋሁ ከአንገት እስከ አናት ሰፋሁት። እናቴ ብቅ ብላ አየችና «ይህ ሌማት ነው ራስ?» አለች። «ራስ ነው።» «እንግዲያስ ክዳኑን አትርሺ» ብላኝ ገባች። ጣራው ሥር ሰቅዬው ኮርቼ አደርሁ።

በሦስተኛው ቀን ግንባሩ ገባ። በአምስተኛው ጉንጩ ወረደ። ሳምንት ሲሞላው ማሰሪያው ሁሉ ላልቶ፣ ነፋስ ነካ ሲያደርገው ጥቅልሉ እየተፈታ እንደ አንጀት መሬት ወረደ። ጥቅልሉን ተሸክሜ ወደ ሽማግሌው ሄድሁ።

«አባባ፣ ጭንቅላቱ ከሳብኝ።»

አልሳቁብኝም። አንዱን ዘለላ አንሥተው በጣታቸው ጨመቁት። «ደንገል እርጥብ ሳለ ውሃ ነው፤ ያሰርሽው ውሃውን ነው። ውሃው ሲሄድ ገመድሽ ማንን ይያዝ? መጀመሪያ ይሙት፣ ከዚያ ይታሰር።»

«የደረቀው ግን አይታጠፍማ፤ ይሰበራል።»

«በምታስሪበት ቀን ውሃ እፍ ትይበታለሽ። እንዲለዝብ ብቻ፣ እንዲጠጣ አይደለም። ደግሞ በክንድሽ አትሳቢ። እግርሽን ዘለላው ላይ አስደግፊና በወገብሽ ሳቢ።»

አሳዩኝ። እሳቸው ሲስቡ ደንገሉ ቋ ይላል፤ እኔ ስስብ እኔው ነኝ ወደ ኋላ የምወድቀው። ሦስት ጊዜ ሣሩ ላይ ተንጋልያለሁ። በአራተኛው ገመዱ ቋ አለ፤ ሽማግሌው «አሁን ገና ሰው ልትሠሪ ነው» አሉ።

ደንገሉን ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ዘርግቼ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እያገላበጥሁ አደረቅሁት። አስቸጋሪው ነገር ግን ሌላ ነበር፦ ልክ እሱን መምሰል አለበት። ጌሙ ስለሞተ የማመሳክርበት የለኝም። ዓይኔን ጨፍኜ ደብተሬ ላይ ሣልሁት። ጫማው፣ ቅርጫቱ፣ ነጭ ዓይኖቹ። ቁንጮውን በደንብ አስታውሳለሁ፤ አራት ነው። ሦስቱ ቀጥ ብለው የቆሙ፣ አራተኛው ወደ ቀኝ ዘመም ያለ ቀጭን። አባቴ ሥዕሉን አየና «አራተኛው ለምን ዘመመ?» አለኝ። «እንጃ፤ ሲሮጥ ነዋ» አልሁት።

አባቴ ፋብሪካው ለሠራተኞቹ የሚሸጠውን ብጣሽ ጨርቅ አመጣልኝ። ነጭ ነው። ጥቁር ቀለም ከየት ይምጣ? ከድስት ቂጥ ጥላሸት ፋቅሁና ከቀጭን የዱቄት ሙቅ ጋር ለወስሁት፤ ከአናቴ ጀምሮ የምከናነበውን ጨርቅ በእሱ ቀባሁ። ጥሩ ጥቁር ወጣው። ላብ ሲነካው እንደሚለቅ ግን ማንም አልነገረኝም። ራሱን በደረቁ ደንገል እንደገና ሰፋሁት፤ ጫማውንም ከደንገል አድርጌ በኮንጎ ጫማዬ ላይ አሰርሁት። ለቅርጫት ደግሞ የእናቴን የገበያ ቅርጫት «እስከ ማታ ብቻ» ብዬ ወሰድሁ። ቃሌን የማመን ግዴታ አልነበረባትም፤ ግን ሰጠችኝ።

ትናንት ለበስሁት። ከራሱ ውስጥ የሚታየው በሁለት ቀዳዳ ስለሆነ ፊት ለፊቴን እንጂ እግሬን አላይም። ከበራችን ስወጣ አንድ ምሰሶ ገጭቼ ይቅርታ ጠየቅሁት። ውሾች ጮኹ። ልጆች «ለቃሚው! ለቃሚው መጣ!» እያሉ ከኋላዬ ተሰለፉ፤ ስላወቁት ልቤ በደስታ ዘለለ። መንገዱን ልሻገር ስል ግን ከፊቴ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ቆመ። የቀበሌያችን ጥበቃ ናቸው።

«ቁም! ማነህ አንተ?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እኔ ብሎ ስም አለ? ማን?»

«የጠጋኙ ልጅ ነኝ። ከፊት ለፊት ካለው ቤት።»

ጎንበስ ብለው በዓይኑ ቀዳዳ አዩኝ። «አንቺ ነሽ? ምን ሆነሽ ነው? ይህ ምን ይወክላል?»

በዚህ ዘመን ምንም የማይወክል ነገር አደባባይ አይወጣም። ባለፈው ሰልፍ በሬው እንኳ ግብርናን ወክሎ ነው የወጣው። እኔ ግን ይህን አላሰብሁበትም። «ለቃሚ ነው፣ ጋሼ» አልሁ።

«ምን ይለቅማል?»

«ከላይ የሚወድቀውን።»

«ጥጥ ከላይ ይወድቃል እንዴ?»

«ጥጥ አላልሁም።»

«ታዲያ ሌላ ምን ይለቀማል? የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ አይደለሽ? ጥጥ ለቃሚ ነው በይ! ወዛደር ነው በይ! ምን ያደናግርሻል?» ወደ ልጆቹ ዞሩና እንደ ካድሬ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ራሱ ግን ለምን ድስት አከለ?»

ይህን ጊዜ ነው ከወዲያ ማዶ፣ ከአጥራቸው አናት ላይ ያ ድምፅ የመጣው።

«ሦስት ነው!»

ሁላችንም ዞርን። ጓደኛዬ አጥሩ ላይ ሆዷን አስደግፋ፣ በአንድ እጇ እየጠቆመች ፊቷ ቀልቷል። «ቁንጮው ሦስት ነው እንጂ አራት አይደለም! እንዴት አራት ታደርጊዋለሽ?»

ሳቄ ያመለጠኝ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ግን ልቤን እልህ ያዘው። «አራት ነው! አንዱ ወደ ቀኝ ይዘማል!»

«እሱ ቁንጮ አይደለማ! መስታወቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ነው! ደፋችን ላይ ጥለሽው የተሰነጠቀው!»

ጥበቃው «የምን ስንጥቅ?» አሉ።

ራሱን አወለቅሁት። ልጆቹ በአንድ አፍ «ውይ!» አሉ፤ ጥላሸቱ በላቤ ለቆ ከግንባሬ እስከ አንገቴ ወርዷል። እኔ ግን የማስበው ሌላ ነው። ያን ቀን ደፉ ላይ ሲወድቅብኝ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም ነበር። አንሥቼ በቀሚሴ ጠርጌ ነበር ለባለ ተራው ያቀበልሁት።

«አይተሽኝ ነበር?»

«አይቼሻለሁ።»

«ለምን ዝም አልሽ?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁሽ። ሐይቅ ውስጥ ሲገባም ሁለት ቀን አስጠበቅሽኝ።»

አምስት ሳምንት ሙሉ በደብዳቤ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ብዬ ነበር፤ የተደበቀውን ግን አንዱንም አልጻፍሁትም። ሰው እየሰማ መናገር ከመጻፍ እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ቢሆንም ተናገርሁ። «ደፉ ላይ የጣልሁት እኔ ነኝ። ሐይቁ ውስጥ የጣልሁትም እኔ ነኝ። ያዢው ሳልባል ለሰው ለማሳየት ብዬ ነው ይዤው የወረድሁት። ከዚያ እንዲደርቅ ብዬ ሦስት ቀን ጤፍ ውስጥ የቀበርሁትም…»

«ምን ውስጥ?»

«ጤፍ ውስጥ። ጆንያው ውስጥ።»

ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ልታለቅስ መስሎኝ ነበር። «ለዚህ ነው! ለዚህ ነው ስነቀንቀው አንድ ነገር የሚንጫጫው! እኔ እኮ የኮከቦቹ ፍርስራሽ መስሎኝ…» ብላ መጨረስ አቃታት። ሳቋ መጣ። ከአጥሩ ላይ ተንሸራታ ወዲያ ወደቀች፤ ከአጥሩ ጀርባ ሳቋ ብቻ ይሰማ ነበር። ጥበቃው «እናንተ ልጆች ጤነኞች አይደላችሁም» ብለው ጠመንጃቸውን አስተካክለው ሄዱ።

በሩ ተከፈተ። ጓደኛዬ ወጥታ፣ ሳቋን ሳትጨርስ፣ ዙሪያዬን ሦስት ጊዜ ዞረችኝ። እንደ በግ ገዢ ጎኔን ነካች፣ ራሱን አንኳኳች። «ጫማው ልክ ነው። ቅርጫቱ ትንሽ ወደ ላይ ይውጣ። ይህ አራተኛው ግን አሁኑኑ ይነሣልኝ።» የአባቷን ምላጭ አመጣች፤ እኔ ያዝሁ፣ እሷ ቆረጠች። ከዚያ ሳልጠይቃት ራሱን አንሥታ ራሷ ላይ ደፋችው።

ጨዋታውን የፈጠርነው እዚያው ነው። እኔ የዘይቱን ፍሬ ወደ ላይ እወረውራለሁ፤ ሁለት ልጆች ግራና ቀኝ ቁልፍ ሆኑ። አንዱ «ግራ!» ሲል እሷ ወደ ግራ ትሮጣለች፣ ሌላው «ቀኝ!» ሲል ወደ ቀኝ። ከተባለችው ውጪ መሄድ አይፈቀድላትም። የመጀመሪያው ዘይቱን ቅርጫቱ ውስጥ ጠብ ሲል ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ሦስት ሲያመልጣት መሬት ላይ ዘጭ ብላ ሁለት እጇን በዚያ ትልቅ ራስ ላይ ጫነች። ልክ እሱን!

በጩኸቱ አባቷ ወጡ። እኔ ደረቅሁ። ቀስ ብለው መጥተው ለቃሚውን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ማሰሪያውን በጣታቸው ሳብ አድርገው ፈተኑት። ፈትል የሚያውቅ ሰው አያያዝ ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» አልሁ።

«የጎዳሽው እሷን ነው። እሷ ምን አለች?»

«አራተኛውን ቁንጮ ቆረጠችው።»

«እንግዲያ ቅጣትሽን ተቀብለሻል።» ወደ ራሱ ጎንበስ አሉ። «ይህኛው በምን ባትሪ ነው የሚሠራው?»

ከደንገሉ ውስጥ የታፈነ ድምፅ «በገብስ ቆሎ!» አለ። እሳቸውም ሳይስቁ ገብተው አንድ እፍኝ ቆሎ ይዘው ተመለሱና በዓይኑ ቀዳዳ ለማጉረስ ሞከሩ።

ዛሬ በትምህርት ቤት ሌላ ወሬ አልነበረም። የሌላ ሰፈር ልጆች «እኛስ?» ይላሉ። ከትምህርት በኋላ ከጓደኛዬ ጋር አብረን ሐይቅ ወርደን ሽማግሌውን ጠየቅናቸው። ሥራቸውን ሳያቋርጡ «የተዘረጋውን ደንገሌን እንዳትረግጡ እንጂ ሜዳው የእናንተ ነው። መሥራት የሚፈልግ ካለም ይምጣ፤ የሚታሰር አላጣም» አሉ። ጓደኛዬ ክንዴን ጎሸም አደረገችኝ። «በይ አንቺ ጸሐፊዋ፣ ንገሪያቸው። ማንም እንዳይቀር።»

ስለዚህ የእሷንም የሽማግሌውንም ግብዣ ይኸው አድርሻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የልማት ሥራው ሲያልቅ፣ ታንኳዎቹ ከሚደርቁበት ሜዳ ኑ። መሮጥ የምትወዱ ለቃሚ ትሆናላችሁ፤ ማዘዝ የምትወዱ ቁልፍ ትሆናላችሁ፤ የምታፍሩ ካላችሁ ራሱን ልበሱት፣ ከውስጥ ማን እንዳለ አይታይም። የምትወረውሩትን ይዛችሁ ኑ፦ ዘይቱን፣ የጨርቅ ኳስ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ። ድንጋይ አይፈቀድም። የራሳችሁን ራስ መሥራት የምትፈልጉ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ወስፌ ይዛችሁ ድረሱ፤ ደንገሉን ደረቁን ምረጡ።